በፎርኖ ጭስ ሙቀት እንፋሎት የሚያወጣ ሳጥን አሠራሁ፤ አንዴ ቀለጠ፣ አንዴ ሠራ

ቸኩሎ የሚያነብ ስላለ ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። ሁለተኛውን ሳጥን ብቻ ብመዝን 4 ተኩል እሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ግን ኮከብ ሳይሆን ክስ ነበር የሚገባው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። አንድ በናፍጣ የሚሠራ ሮታሪ ፎርኖ፣ ሁለት ማቡኪያ፣ ሊጥ የሚነሳበት አንድ ክፍል፤ ይኸው ነው። አምስት ኪሎ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዳቦ ጋጋሪ የሆንኩ ሴት ነኝ። እናቴ እስካሁን «ያ ሁሉ ሂሳብ ለዳቦ ነው?» ትለኛለች። አዎ እማዬ፣ ለዳቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጥ የሚነሳበት ክፍል ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይፈልጋል። እርጥበት ካጣ ሊጡ ላዩ ይደርቃል፣ ቆዳ ያበጃል፣ ፎርኖ ሲገባ ይሰነጠቃል። ለዚህ ብለን ውሃ የሚያፈላ 4 ኪሎዋት ተኩል ሬዚስታንስ ነበረን። ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ አትጠይቁኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይሄው ሬዚስታንስ ጄኔሬተሩ ላይ ይጫናል፣ ጄኔሬተሩ ያቃስታል፣ እኔም አብሬው አቃስታለሁ። ከግድግዳው ማዶ ግን የፎርኖው ጭስ ማውጫ 290 ዲግሪ የሞቀ ጭስ ቀኑን ሙሉ ለሰማይ ይሰጣል። በአንድ በኩል ሙቀት እየጣልኩ በሌላ በኩል ሙቀት እየገዛሁ ነበር ማለት ነው። ይሄ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር፣ እውነቴን ነው።

ገላን በኩል አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለ። ስሙን አልጽፍም፤ ተጣልተን ታርቀናል፣ የታረቁትን ሰው ስም ማንሳት ደግሞ ደስ አይልም። ከፎርኖው ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ ውሃ ያለባቸው ቱቦዎች የተደረደሩበት ሳጥን እንሠራለን አሉ። ጭሱ በቱቦዎቹ መካከል ያልፋል፣ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ሊጡ ክፍል ይሄዳል። እነሱ «ቦይለር» ይሉታል። መጽሐፉ ኢቫፖሬተር ነው የሚለው። እኔ ሳጥኑ እለዋለሁ።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ዱቄት ካርቶን ላይ ሳለልኝና «እህቴ፣ ቱቦውን መዳብ እናድርግልሽ። ብረት ሰነፍ ነው፣ መዳብ ሙቀት ይስባል» አለኝ። ለመዳቡ ብቻ ከጠቅላላ ዋጋው አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨመረ። የብር መጠኑን ብጽፈው በሳምንቱ ስለሚያረጅ ትቼዋለሁ። ቀብዱን ግማሹን ከፈልኩ። የሚያናድደኝ ደግሞ መዳቡ ምንም እንደማይፈይድ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሠርቼዋለሁ።

ለምን አይፈይድም? ሙቀቱ ከጭስ ወደ ውሃ ለመድረስ ሦስት በር ያልፋል። አንደኛው ከጭሱ ወደ ቱቦው ቆዳ፣ ሁለተኛው በቱቦው ብረት ውስጥ፣ ሦስተኛው ከቱቦው የውስጥ ግድግዳ ወደሚፈላው ውሃ። እዚህ ሦስቱ በሮች እኩል አይደሉም፣ ጭራሽ አይቀራረቡም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ጭስ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ ከ10 እስከ 50 ዋት ቢያቀብል ነው። የሚፈላ ውሃ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ይቀበላል፣ በርትቶ ሲፈላ ብዙ ሺህ። የቱቦው ብረት ደግሞ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ነው፤ ብረትም ሆነ መዳብ ለሙቀቱ የሚታይ እንቅፋት አይሆንበትም። መዳብ ከተራ ብረት 7 እና 8 እጥፍ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ልክ ነው። ግን ሰፊውን በር የበለጠ ማስፋት ምን ያደርጋል? ቃሊቲ ላይ ታክሲ ጠፍቶ ሰው ተሰልፎ እያለ ቱሉ ዲምቱ ያለውን መውረጃ እንደማስፋት ነው። ሰነፉ ጭሱ ነው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በጭሱ በኩል ነው መውጣት ያለበት።

ይሄን እያወቅኩ መዳብ አስገጠምኩ። መዳብ ያምራላ።

ሳጥኑ መጣ። 12 ቱቦ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር፣ በሁለት ጫፍ ከአንድ አንድ ወፍራም ቧንቧ ጋር በስታኞ፣ ቶሎ በሚቀልጠው የመለጠፊያ ብረት፣ የተያያዘ። ውሃው ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አንዲት ትንሽ ተንሳፋፊ ኳስ ልኩን ትጠብቃለች። በያጁ ልጅ ሥራውን ሲጨርስ ኩራቱ ሌላ ነበር። ውሃ ልኩን፣ ያቺን አረፋ ያለባትን የቀጥታ መለኪያ፣ ቱቦዎቹ ላይ ጋደም አድርጎ «እዪ እህቴ፣ አረፋዋ መሃል ላይ ናት፣ ፀጉር አትዛነፍም» አለኝ። እውነትም መሃል ላይ ነበረች። አመሰገንኩት፣ ቡና ጋበዝኩት። ያቺ አረፋ ምን እያለችን እንደነበር የገባን ከአራት ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ እንፋሎት ይመጣል፣ ሊጡ ይነሳል። ጭሱን ስለካው ግን ከ290 ወደ 215 ብቻ ነው የወረደው። ሮቶውን ዘግቼ በጀሪካን ስሞላው 20 ሊትር ውሃ 6 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በሰዓት 3 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ወደ ኃይል ስትቀይሩት 2 ኪሎዋት ከምናምን። የሊጡ ክፍል ደግሞ ወደ 4 ይፈልጋል። ስለዚህ ሬዚስታንሱ ሙሉ በሙሉ አላረፈም፣ ግማሽ ጡረታ ወጣ እንበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው «ውሃ ማሞቅ» እና «ውሃ ማትነን»ን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ እንፋሎት ለማድረግ ግን ሌላ 2,270 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል፣ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ ሳይል። ድብቅ ሙቀት የሚሉት ይሄን ነው። ደግሞ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ100 አይደለም። ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለምንኖር በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሳጥን ይሄ ትንሽ ስጦታ ነው፤ ጭሱና ውሃው መካከል ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ቋ። ዝም። ቋ ቋ። ዝም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሊጥ ሲገባ አንድ ሰው ከጭስ ማውጫው ውስጥ ሆኖ በመዶሻ የሚመታ ይመስል ነበር። ጋጋሪዎቹ ቀለዱበት፤ አንዱ «ቆሌው ነው፣ ዳቦ ጠይቆ ነው» አለ። ስልክ ስደውል ባለቤቱ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምደዋል» አለኝ። ጫማ ነው እንዴ የሚለምደው?

በአንድ ነገር ግን አመሰግናቸዋለሁ። ገና ከመጀመሪያው፣ ለራሴ ጉጉት ብዬ፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት ላይ አንዲት የመስታወት ቱቦ አስገጥሜ ነበርና አልተከራከሩኝም። በእጅ ባትሪ እያበራሁ ስንት ሰዓት እንዳየሁት ልጆቼ ይመስክሩ። ፎርኖው ሲለኮስ መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ይመጣል፣ እንደ ጠላ። ከዚያ አረፋዎቹ እየተጋጠሙ ቱቦውን የሚሞላ አንድ ትልቅ የእንፋሎት ጥይት ይሆናሉ፤ ከኋላው ውሃ፣ ከዚያ ሌላ ጥይት። ጀበና ሲገነፍል አይታችሁ የለ? ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፤ ታች የተፈጠረው አረፋ በጠባቡ አንገት ሲያልፍ ከላዩ ያለውን ቡና ሁሉ ይዞት ይወጣል። ቱቦ ውስጥ የሚፈላ ውሃም እንደዛው ነው። እንፋሎቱ ሲበዛ ደግሞ መሃሉን ይይዝና ውሃው ግድግዳው ላይ ብቻ እንደ ስስ ሽፋን ይቀራል። እሱም ካለቀ ግድግዳው ይደርቃል።

ያ እንግዲህ ቱቦው ቆሞ ሲሆን ነው። የኔ ቱቦዎች ግን ጋደም ብለዋል፣ ያውም ፀጉር ሳይዛነፉ። በተጋደመና ውሃው ቀስ ብሎ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ታች ይተኛል። እንፋሎቱ ወዴት ይሂድ? ግራ ቢል ልኩ ነው፣ ቀኝ ቢል ልኩ ነው። ልክ ውሃ ልኩ ውስጥ እንዳለችው አረፋ መሃል ላይ ቁጭ ይላል፣ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይፈነዳና ውሃውን ጫፍ ላይ ያላጋዋል። ቋ። የቱቦው የላይኛው ግማሽ ይደርቃል፣ ይረጥባል፣ ይደርቃል። በደረቀ ቁጥር ውሃው ውስጥ የነበረው ኖራ እዚያው ተጋግሮ ይቀራል።

አሁን ሰው «ታዲያ ቱቦው ተቃጠለ» ይለኛል። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ስለ መፍላት የሚታወቅ አንድ ወሰን አለ። ቡና የምንቆላበትን የብረት ምጣድ አስቡት። ሞቅ ሲል ጠብታ ውሃ ብትጥሉበት ጭስስ ብሎ ይጠፋል። በጣም ሲግል ግን ጠብታው ኳስ ሆኖ ይንከባለላል፣ ይጨፍራል፣ አይጠፋም፤ ከስሩ የራሱ እንፋሎት ተነጥፎለት ብረቱን ስለማይነካ። ሊደንፍሮስት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1756 ጽፎታል፤ እናቶቻችን ቡና እየቆሉ ያዩት ነገር ነው። ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 ቀጭን ሽቦ ውሃ ውስጥ ከቶ በኤሌክትሪክ እያጋለ መስመሩን ለካው። ሙቀቱን ጨመር ሲያደርግ አረፋው ይበረታል፣ ይበረታል፣ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ እንፋሎቱ ሽቦውን ይሸፍነውና ሽቦው በቅጽበት ይግላል፣ አንዳንዱ ይቀልጣል። ለተራ ውሃ ያ ወሰን በካሬ ሜትር 1 ሚሊዮን ዋት ገደማ ነው። የኔ ሳጥን ስንት ነበር? 2 ሺህ ዋት ከምናምን። ከ400 እጥፍ በላይ ርቀት አለን። ስለዚህ «ኃይለኛ ሙቀት ቱቦውን በላው» የሚለው ወሬ እኔ ጋ አይሠራም። የኔን ቱቦ ያደረቀው የእሳቱ ብርታት አይደለም፤ መጋደሙና የውሃ እጥረት ነው።

የውሃ እጥረቱ በአራተኛው ወር መጣ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ፈረቃችን ሳይመጣ ቀረ፣ ሮቶው አለቀ፣ ማንም አላየም። ፎርኖው ይነዳል። ቱቦዎቹ ደረቁ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ ቱቦው ከ95 እና ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ውጭው 290 ይሁን 500። ውሃው ሲያልቅ ግን ወደ ጭሱ ሙቀት ነው የሚሄደው። ስታኞ ደግሞ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል፣ ንጹሕ ቲን የተባለው ብረት ቢሆን እንኳ በ232። መደምደሚያውን እናንተ ሥሩት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃው ድንገት ሲመለስ በቀለጡት መጋጠሚያዎች ጭሱ ውስጥ ተረጨ። እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ከ2,000 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ጭስ ማውጫው እንደ ድሮው ባቡር ነጭ ተፋ፣ ጥላሸቱ በፎርኖው በር ዞሮ ገባ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ ዳቦ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ወጣ። 240 ዳቦ። ለጎረቤት ዶሮ አርቢ ሰጠሁት።

ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ያልተጎዳው ደግሞ በዕድል ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ እንፋሎቱን በሰፊ ቧንቧ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ስለሚለቅና መሃል ላይ ምንም መዝጊያ ስለሌለው ነው። ይሄን እኔ ነኝ ድርቅ ያልኩበት። ባለቤቱ «ቫልቭ እናድርግበት፣ ግፊት ይኖረዋል» ሲለኝ «ወንድሜ፣ ግፊት አልፈልግም፣ እኔ የምፈልገው እርጥበት ነው» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ሳጥን የምታሠሩ ካላችሁ ይሄን አትርሱ። የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ከሆነ የግፊት ማስተንፈሻ፣ ጌጅና ውሃ ሲያንስ እሳት የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የግድ ነው። ያ የሰፈር በያጅ ሥራ አይደለም።

በዚያው ቀን ገላን ሄድኩ። የቀለጠውን መዳብ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። እሱ «ውሃ ያላችሁ መስሎኝ ነው» ይላል። እኔ «አዲስ አበባ ዳር ላይ ነው የምትኖረው፣ ውሃ ያለው ማን ነው?» እላለሁ። በመሃል አንድ ሸምገል ያሉ በያጅ፣ እስከዚያ ዝም ብለው ኤሌክትሮድ ሲለዩ የነበሩ፣ መዳቡን አንስተው ውስጡን በጣታቸው ፈተጉት። ነጩ ቅርፊት በአንድ በኩል ብቻ ነበር የተጋገረው፤ በላይኛው ግማሽ። «ይሄ እኮ ተኝቶ ነው የሞተው» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አለቀ። ጋሼ ካልኳቸው ጀምሮ ሥራውን የምነጋገረው ከሳቸው ጋር ሆነ።

ሁለተኛውን የሠሩት በነሱ ጉልበት፣ በኔ ብረት ነው፤ ስምምነታችን ይሄ ነበር። ለዚህ አንድ ሙሉ ኮከብ እሰጣቸዋለሁ። ስንት ሰው ነው ስልኩን የሚዘጋው!

መዳቡን ምናለሽ ተራ ሸጥኩት፣ በተገኘው ጥቁር ብረት ቱቦ ገዛሁ፣ ስፌት የሌለውን። ስታኞ የለም፣ ሁሉም ብየዳ ነው። ቱቦዎቹ ላይ በውጭ በኩል ክብ ክብ የላሜራ ቁራጮች ተበየዱ፣ ክንፍ ይሏቸዋል፤ ጭሱ የሚነካው ቆዳ እንዲሰፋ። መዳቡ ላይ የወጣው ብር መጀመሪያውኑ እዚህ ነበር መዋል የነበረበት። ቱቦዎቹ አሁን ዘንበል ብለዋል፣ በ1 ሜትር ርዝመት 17 ሳንቲም ከፍታ። የላይኛው ጫፋቸው እንፋሎቱ ከውሃው የሚለይበት ትንሽ በርሜል ውስጥ ይገባል። ከበርሜሉ ደግሞ አንድ ቧንቧ ከሳጥኑ ውጭ፣ ጭሱ በማይነካው በኩል፣ ወደ ታችኛው ጫፍ ይመለሳል። ፓምፕ የለውም። በጭሱ ውስጥ ያለው ውሃ አረፋ ስለተቀላቀለበት ይቀላል፣ ውጭ ያለው ንጹሕ ውሃ ይከብዳል፣ ከባዱ እየወረደ ቀላሉን ይገፋዋል። እሳቱ ሲበረታ ዙረቱም ይበረታል። መስታወቷ ውስጥ ሳየው አሁንም ጥይት ጥይት ይላል፣ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ድምፅ የለም። ቆሌው ሄደ።

ጭሱ አሁን በ165 ዲግሪ ነው የሚወጣው። 20 ሊትር ጀሪካን በ3 ሰዓት ተኩል ያልቃል። ወደ 4 ኪሎዋት ማለት ነው፣ በርነሩ ሳያቋርጥ ሲሠራ። በቀን 10 ሰዓት ብንሠራ 40 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ላይ ወረደ። ጄኔሬተር ላይ ስንሆን ደግሞ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ሦስተኛ ሊትር ናፍጣ ገደማ ስለሚበላ የአንድ ሙሉ ቀን ጨለማ ከ13 ሊትር በላይ ይተርፈኛል። ሬዚስታንሱ አሁን ጠዋት ፎርኖው እስኪሞቅ ብቻ ነው የሚበራው።

ቅሬታዎቼስ? አሉ እንጂ።

ጭስ ማውጫው ቀዘቀዘ፤ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ክንፎቹም መንገድ ያጠብባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የጭስ ሽታ ወደ መጋገሪያው ክፍል ተመለሰ፣ አንዷ ልጅ ራሷን አመማት። ይሄ የሚቀለድበት ነገር አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የምትሸቱት ሌላውን ነው። ሥራ አስቁሜ ጠራኋቸው። ጭስ ማውጫውን አስረዘሙት፣ ለጭሱ በሳጥኑ ጎን የሚያልፍበት መዝጊያ ያለው መንገድ አበጁለት። አሁን ውሃ ከጠፋ መዝጊያውን ገልብጠን ሳጥኑን እንዘለዋለን። ይሄ ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ መኖር ነበረበት፣ ግማሽ ኮከብ እዚህ ሄደ።

ሌላው ጥላሸት ነው። በየ10 ቀኑ በሽቦ ብሩሽ ካልተፈተገ የጭሱ ሙቀት በግልጽ ይወጣል፤ 165 የነበረው 185፣ 190 ይላል። እኔ እንዲያውም ቴርሞሜትሩን የማየው ለዚህ ነው፣ ብሩሹ መቼ እንደሚያስፈልግ ይነግረኛል። የመፈተጊያው በር ግን ስምንት ብሎን አለው። ስምንት! ጭስ እንዳያፈስ መሃል የሚገባው ጓርኒሲዮንም በተከፈተ ቁጥር ይቀደዳል። ሁለት መቀርቀሪያ ይበቃው ነበር።

ውሃውን በተመለከተ፣ በፈረቃ የሚመጣልን የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ነው። ውሃው ሲተን ኖራው አይተንም። በአንድ ሊትር 200 ሚሊግራም ቢኖር፣ በቀን 56 ሊትር ስናተን 11 ግራም፣ በወር ከ300 ግራም በላይ ድንጋይ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ሁሉም ሰው «ኖራው ሙቀት ይከለክላል» ይላል፤ እንደኔ ጭስ ለሚያሞቀው ዕቃ ግን አንድ ሚሊሜትር ቅርፊት ብዙ አይቀንስም፣ ሰነፉ በር ሌላ ነውና። ችግሩ ቅርፊቱ ተነስቶ መመለሻውን ቧንቧ ሲደፍን ነው፣ ያኔ ዙረቱ ይቆማል። ስለዚህ በየማታው ከታች ያለችውን ማፍሰሻ ከፍተን ሁለት ሦስት ሊትር እንለቃለን። በሁለት ወር አንዴ አቼቶ ጨምረን እናሳድረዋለን። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በርሜል አጠራቅሜ ሰጠሁት፤ ነሐሴን ሙሉ ምንም ቅርፊት አልያዘም።

ከ165 በታች እናውርደው ያለኝም ነበር፣ ባለቤቱ ነው። «ገና ብዙ ሙቀት አለ እኮ፣ ሌላ 12 ቱቦ እንጨምር።» እምቢ አልኩ። ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ፤ ጭሱ የሚነካው ብረት ከ120 እና ከ130 በታች ከቀዘቀዘ አሲድ ሆኖ ይንጠባጠባል። አሁንም ቢሆን የቱቦው ቆዳ 95 ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሲለኮስ ጥቁር ዝገታም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሥሩ ባልዲ አለ። ብረቱ ስንት ዓመት እንደሚኖር በዚህች ባልዲ ነው የምከታተለው።

ይሄው ሰውዬ አንድ ቀን ደግሞ «መብራት እናመንጭበት» ብሎኝ አረፈው። ከአነስተኛ ሙቀት መብራት ማመንጨት አለ፣ የለም አላልኩም። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የተተከለው የመጀመሪያው ከከርሰ ምድር እንፋሎት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ከውሃ በተጨማሪ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ፔንቴን የተባለ ፈሳሽ ተጠቅሟል፤ ፔንቴን ባሕር ወለል ላይ በ36 ዲግሪ ይፈላል። ግን እዚያ የሚወራው ስለ ሜጋዋት ነው። የኔ 4 ኪሎዋት ሙቀት ብዙ ቢሆን አንድ አሥረኛው መብራት ይሆናል፤ 400 ዋት፣ ከዚያ ላይ ፓምፑ ድርሻውን ይወስዳል። ለዚያ ብዬ ከእሳት አጠገብ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ላኑር? ለሊጥ እርጥበት የሚፈልግ ሰው ሙቀቱን እንደ ሙቀት ይጠቀምበት።

ለሌላ ዳቦ ቤት እመክራለሁ ወይ? ፎርኖው በቀን ከ6 ሰዓት በላይ የሚነድ ከሆነ፣ የሊጥ ክፍሉ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ፣ ሳጥኑን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ካለ፣ አዎ። በቀን ሁለት ጋሪ የሚጋግር ሰው ግን ቢተወው ይሻለዋል፤ ብረቱ እስኪሞቅ ሥራው ያልቃል። የሥራ ቤቱ ሰዎች ቀጠሮ አያከብሩም፣ «ነገ» ማለት ሐሙስ ነው። ሲመጡ ግን ይሠራሉ፣ ያጠፉትን ያርማሉ፣ ብየዳቸው ንጹሕ ነው።

ባለፈው ወር ሁለተኛ ፎርኖ አስገባሁና ሌላ ሳጥን አዘዝኩ። በዚህኛው ቀብድ ከመክፈሌ በፊት 17 ሳንቲሙን፣ የጎን መንገዱንና ሁለቱን መቀርቀሪያ ወረቀት ላይ አስፍሬ አስፈረምኩት። ቅዳሜ ገጠሙት። ያው ልጅ ነው የመጣው፣ ያንኑ ውሃ ልክ ይዞ። ቱቦው ላይ አስቀመጠው፤ አረፋዋ ተንሸራታ የላይኛው ጫፍ ላይ ተለጠፈች። ቀና ብሎ አየኝና «አሁን ልክ ነው አይደል እህቴ?» አለኝ።